ደም የሚያረጋው ኢንዛይም ራሱ የአንጎል ሴል ይገድላል እንዴ? አጎቴ ስትሮክ ካገኛቸው ወዲህ ያልገባኝ ነገር

የዘጌ_ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ባዮሎጂ ነው የምማረው፣ ሕክምና አይደለም፣ ስለዚ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዱኝ።

የእናቴ ወንድም ዘጌ ነው የሚኖሩት። ግፊት እንዳለባቸው ያውቃሉ ግን መድኃኒቱን ሲያማቸው ይጀምሩታል ሲሻላቸው ይተዉታል። አንድ ቀን ጠዋት ቡና እየጠጡ ሲኒው ከቀኝ እጃቸው አምልጦ ወደቀ፣ ሊያነሱ ሲሉ እጃቸው እምቢ አለ፣ አፋቸው ወደ ግራ ተጣሞ ምላሳቸው ተሳሰረ። በጀልባ አሻግረን ባህር ዳር አመጣናቸው፣ ሲቲ ስካን ተነሱና የደም ሥር ፈንድቶ አንጎል ውስጥ ደም ፈሷል ተባለ። የመጀመሪያው ቀን በደንብ ያዩናል፣ እኔን በስሜ ጠርተውኛል፣ ውሃ ስጡኝ ብለዋል። ከዛ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያላቸው መጣ፣ ስንጠራቸው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው መልሰው ይጨፍናሉ። ደሙ ጨምሮ ነው ብለን ደነገጥን። ሲቲው ሲደገም ግን ደሙ ባለበት ነው፣ ምንም አልጨመረም፣ በዙሪያው ያለው አንጎል ነው ያበጠው። ሐኪሙ «ደሙ ሲረጋ የሚፈጠር ኢንዛይም አለ፣ አሁን ዙሪያውን እየጎዳ ያለው እሱ ነው» ብሎን ሌላ በሽተኛ ስለጠራው ሄደ።

እኔ ክፍል ውስጥ የተማርኩት ደም መርጋት ሰውን ከሞት የሚያድን ነገር እንደሆነ ነው። ታዲያ እንዴት ነው ያው ኢንዛይም አንጎል ውስጥ ሲገባ ገዳይ የሚሆነው? ሴሉን ይበላዋል? ነው ወይስ እብጠቱ ነው የሚገድለው? ደሞ አንድ ጎረቤታችን «አዲስ አበባ የረጋ ደም የሚያሟሟ መርፌ አለ፣ ያን ቢሰጧቸው ይድኑ ነበር» እያሉ እናቴን እያስለቀሷት ነው። እውነት ነው? የምታውቁ እባካችሁ መልሱልኝ።

ፋርማሲ_አባይማዶ፦

አይዞሽ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር ምክንያቱም እናትሽ በማያገባቸው ጸጸት መጎዳት የለባቸውም። ያ መርፌ አልቴፕሌዝ ይባላል፣ ቲፒኤ ሲሉትም ትሰሚያለሽ። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ የደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ ሌላው ደሞ ፈንድቶ። መርፌው ለተዘጋው ነው። አጎትሽ የፈነዳ ነው። ለሳቸው ቢሰጥ ኖሮ ደሙን የደፈነላቸውን ነገር አሟሙቶ እንደገና ያፈሰው ነበር። ስለዚ አለመስጠታቸው ትክክል ነው፣ አዲስ አበባም ቢሄዱ፣ ውጭ አገርም ቢሄዱ ያው ነው አይሰጧቸውም። ይሄን ለእናትሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው።

ኢንዛይሙ የተባለው ትሮምቢን ነው። ጉበት ፕሮትሮምቢን አድርጎ ይሠራዋል፣ ለመሠራት ቫይታሚን ኬ ይፈልጋል፣ ከዛ ደም ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይዞራል። የደም ሥር ሲቀደድ ከውጭ በኩል ያሉት ሴሎች ላይ ያለ ቲሹ ፋክተር የሚባል ፕሮቲን ደሙን ያገኘዋል፣ ያኔ አንዱ ኢንዛይም ሌላውን እየቆረጠ እየቀሰቀሰ ይሄድና መጨረሻ ላይ ፕሮትሮምቢን ተቆርጦ ትሮምቢን ይሆናል። ትሮምቢን በተራው ፋይብሪኖጅንን ይቆርጥና ፋይብሪን የሚባል ክር ያደርገዋል፣ ደሙ የሚረጋው በዛ ክር ተይዞ ነው። እንግዲህ አንጎል ቲሹ ፋክተር በብዛት ካላቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው፣ ስለዚ እዛ ደም ሲፈስ ትሮምቢን ቶሎ ይፈጠራል፣ ብዙም ይፈጠራል። መጀመሪያ ላይ ይሄ ጥሩ ነው፣ ደሙን ያቆመላቸው እሱ ነው። ከዛ በኋላ ያለውን ከኔ በተሻለ የሚያውቅ እዚህ ቤት አለ፣ ይምጣና ይቀጥል።

ኒውሮ_ጣና፦

ጠርታችሁኛል መሰለኝ። ፒኤችዲዬን የምሠራው በዚሁ ዙሪያ ስለሆነ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የዘጌ ልጅ፣ «ሴሉን ይበላዋል ወይ» ላልሽው፣ አይ በአብዛኛው አይበላውም። ነገሩ ከዛ ይረቅቃል። ትሮምቢን ሥራው መቁረጥ ነው ተብሏል አይደል፣ የሚቆርጠው ፋይብሪኖጅንን ብቻ ቢሆን ኖሮ አንጎል ብዙም አይጎዳም ነበር። በ1991 ግን ተመራማሪዎች ፓር ዋን የሚባል ሪሴፕተር (ሴሉ ላይ ተተክሎ ከውጭ መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን) አገኙ፣ ትሮምቢን ሴልን የሚያናግርበት ማለት ነው። ሌላ ሪሴፕተር ከውጭ የመጣ ሆርሞን ወይም ኬሚካል ሲለጠፍበት ነው የሚነሳው። ፓር ዋን ግን የራሱን ማስነሻ የራሱ ጫፍ ላይ ሸፍኖ ይዞታል። ቁልፉ ራሱ በሩ ላይ ታስሮ ተሸፍኖ የተንጠለጠለ ቤት አስቢ፣ ትሮምቢን መሸፈኛውን ሲቆርጠው ያ የተጋለጠው ጫፍ ታጥፎ ይገባና ሪሴፕተሩን ራሱ ይከፍተዋል። አንዴ ከተቆረጠ ደሞ መልሶ መቀጠል የለም፣ ሴሉ ያንን ሪሴፕተር ወደ ውስጥ ስቦ ማስወገድና በአዲስ መተካት ነው ያለበት። አንድ ትሮምቢን ቆርጦ ሲጨርስ ወደ ሌላው ሪሴፕተር ይሄዳል፣ ስለዚ ጥቂቱም ብዙ ይሠራል።

ይሄ ሪሴፕተር ያለው ደም ውስጥ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረም፣ ግን የነርቭ ሴሎች ላይ አለ፣ አስትሮሳይት የሚባሉት የነርቭ ሴልን የሚደግፉ ሴሎች ላይ አለ፣ ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎል ተከላካይ ሴሎች ላይም አለ። አንጎል ራሱ በጤናው ጊዜ ጥቂት ፕሮትሮምቢን ይሠራል፣ ትሮምቢንን የሚይዝ ኔክሲን የሚባል ፕሮቲንም አለው፣ ማለት ነገሩ ለአንጎል እንግዳ አይደለም፣ በልኩ ይጠቀምበታል። ችግሩ የደም ሥሩ ሲፈነዳ በደምና በአንጎል መካከል ያለው ጥብቅ አጥር ይጣስና ያ ሁሉ ትሮምቢን በአንዴ ይደርስበታል።

አሁን ወደ ሴሉ ሞት። የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ግሉታሜት የሚባል ኬሚካል ይለቃሉ፣ ተቀባዩ ሴል ላይ ኤንኤምዲኤ የሚባል ሪሴፕተር አለ፣ ሲከፈት ካልሲየም ያስገባል። ትንሽ ካልሲየም ለመማርና ለማስታወስ የግድ ያስፈልጋል። ከመጠን ሲያልፍ ግን ሴሉ ውስጥ ያሉ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ይነሳሉ፣ ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ይበላሻል፣ ሴሉ ይሞታል። በ2000 ከአትላንታ የወጣ የኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ላይ ትሮምቢን ፓር ዋንን ሲያስነሳው በኤንኤምዲኤ በኩል የሚገባው ነገር ወደ 2 እጥፍ እንደሚያድግ በአይጥ ሂፖካምፐስ (ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል) አሳይተዋል። ልብ በይ ግሉታሜቱ አልጨመረም፣ በሩ ነው የሰፋው። ስትሮክ ላይ ደሞ ግሉታሜቱም በብዛት ይፈሳል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ነው ጥፋቱ የሚከፋው። በ2003 ያው ቡድን ፓር ዋን የሌላቸው አይጦች ላይ የአንጎል ደም ሥር ለጊዜው ዘግቶ ሲያይ የሞተው የአንጎል ክፍል ካላቸው አይጦች አነሰ። ይሄን ነው እኔ ዋናው ማስረጃ የምለው፣ ምክንያቱም ሪሴፕተሩ ሲወገድ ጉዳቱ ካነሰ ሪሴፕተሩ የጉዳቱ ተካፋይ ነበር ማለት ነው።

እብጠቱ። ሐኪሙ የነገሯችሁ በትክክል ከዚህ የመጣ ነው። በ1996 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች አይጥ አንጎል ውስጥ ደም ሲያስገቡ አበጠ፣ ትሮምቢን ብቻውን ሲያስገቡም አበጠ፣ ትሮምቢንን የሚያግድ ሂሩዲን ሲጨምሩበት እብጠቱ ቀነሰ። ያልረጋ ቀይ የደም ሴል ብቻ ሲያስገቡ ደሞ መጀመሪያ ላይ ብዙም አላበጠም፣ ከቀናት በኋላ ሴሎቹ ሲፈርሱና ሄሞግሎቢኑ ሲወጣ ነው የባሰው። ስለዚ ሁለት ማዕበል አለ፦ የመጀመሪያው በ1ኛውና በ2ኛው ቀን የትሮምቢን፣ ሁለተኛው ከ3ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ የሄሞግሎቢንና የብረት። አጎትሽ መጀመሪያ ቀን አውርተው ከዛ የደከሙት ከዚህ ጋር ይሄዳል። ትሮምቢን ብቻ ነው ብዬ ግን አልምልልሽም፣ የፈሰሰው ደም ራሱ ቦታ ይዞ ይጫናል፣ ማይክሮግሊያዎቹም ተቆጥተው የራሳቸውን ኬሚካል ይለቃሉ፣ ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ነው።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ደሞ መጠኑ ነው። ትሮምቢን በጣም በትንሹ ሲሆን የነርቭ ሴልን ይጠብቃል፣ አይጦች ላይ ቀድሞ ትንሽ ሲሰጥ ከቀናት በኋላ የመጣውን ትልቅ ጉዳት አቅልሎታል። ስለዚ ይሄን ኢንዛይም ጠላት ብሎ መደምደም አይቻልም፣ የት ቦታ፣ ስንት፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ነው የሚወስነው።

ሐኪመ_እንስሳ_ፎገራ፦

ሂሩዲን የሚለውን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው የምሠራው፣ ሐሙሲትና ወረታ አካባቢ። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ከብቱ ከኩሬ ይጠጣል፣ ያኔ አልቅት አፉና አፍንጫው ውስጥ ይገባል። ከላሟ አፍንጫ የሚወርድ ቀጭን የማይቆም ደም ካየን መጀመሪያ የምንፈልገው እሱን ነው፣ ምላሷን ይዘን በባትሪ ስናይ ከጉሮሮዋ አጠገብ ጥቁር ሆኖ ተለጥፎ እናገኘዋለን፣ ስናወጣው እንኳ ቁስሉ ቶሎ አይደርቅም ይደማል። ገበሬው ምክንያቱን በስሙ ባይጠራውም ምራቁ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር እንዳለ ያውቃል።

ሂሩዲን ከዛ የመጣ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለሕክምና ከሚጠቀሙበት የአልቅት ዝርያ ነው የተገኘው፣ የኛ ከብት ላይ የሚገባው ዝርያው ሌላ ነው። ምራቁ ደም እንደሚያቀጥን በ1884 ሄይክራፍት የሚባል ሰው ነው ያሳየው። ሂሩዲን ቀጥታ ትሮምቢኑ ላይ ተለጥፎ መቁረጫውን ይደፍነዋል፣ ለዚህ ነው ሚሺጋኖቹ ለሙከራ የመረጡት።

አንድ ጥያቄ ለኒውሮ ጣና፦ እዚህ በግና ፍየል ላይ ጭንቅላት ተመትቶ የመጣ አያለሁ፣ ስትሮክ ባይሆንም ደም አንጎል ውስጥ ከፈሰሰ ያው ትሮምቢን አለ ማለት ነው?

ኒውሮ_ጣና፦

አዎ ወንድሜ፣ ደም አንጎል ውስጥ ከገባ ምንጩ ምንም ይሁን ምን ትሮምቢን ይፈጠራል፣ አደጋም ቢሆን። ለዛ ነው ከሞተርና ከባጃጅ አደጋ በኋላ «ደህና ነኝ» ያለ ሰው ቤቱ ሄዶ ማታ የሚደክመው በቀላሉ መታየት የሌለበት፣ ያ ሰው ደሙ ራሱ እየጨመረ ሊሆንም ይችላል፣ በየትኛውም መንገድ መመለስ አለበት። ስለ አልቅቱ የጻፍከው በጣም ጥሩ ነው፣ ለተማሪዎች እነግራቸዋለሁ።

ፖሊ_ግቢ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ትሮምቢን ነው የሚጎዳው ካላችሁ፣ ትሮምቢንን የሚያግድ መድኃኒት ደሞ ካለ፣ ለምን ለሰውየው አይሰጥም? አይጥ ላይ ሠርቷል ብላችኋል። ይሄ እኮ ሁሌ የማየው ነገር ነው፣ አይጥ ላይ ተዓምር ይሠራል ሰው ጋ ሲደርስ ዝም ነው። ነው ወይስ ለደሃ አገር ስለማይመጣ ነው?

ኒውሮ_ጣና፦

ጥያቄህ ትክክለኛ ነው፣ መልሱም የደሃ አገር ጉዳይ አይደለም። አይጡ ላይ ሂሩዲኑ የገባው በቀጥታ አንጎሉ ውስጥ፣ ከደሙ ጋር አብሮ ነው። ሰው ላይ በደም ሥር ብትሰጠው ትሮምቢንን የምታግደው መላ ሰውነቱ ውስጥ ነው፣ የፈነዳው ደም ሥር ላይ ያለውንም ጭምር፣ ያኔ መድማቱ ይቀጥላል። ስለዚ ሐኪሙ ጠባብ ቦታ ላይ ነው የቆመው፣ ትሮምቢን ከሌለ ደሙ አይቆምም፣ ካለ ዙሪያውን ይጎዳል።

በሁለቱም አቅጣጫ ሰው ላይ ተሞክሯል። ለፈነዳ ስትሮክ ደሙን ቶሎ የሚያረጋ ፋክተር ሰባት የሚባል መድኃኒት ሰጥተው ነበር፣ በ2008 የወጣው ትልቁ ጥናት ላይ ደሙ እንዳይጨምር ረድቷል፣ ግን የሞተው ሰውም የአካል ጉዳቱም አልቀነሰም። ብዙ ሰው ተስፋ ያደረገበት ነገር ነበር። ለተዘጋ ስትሮክ ደሞ አርጋትሮባን የሚባል ትሮምቢን አጋጅ ከማሟሟያው መርፌ ጋር ጨምረው ሞከሩ፣ በ2024 ውጤቱ ሲወጣ ጥቅም አላሳየም፣ ከሱ ቡድን የሞተው ሰው እንዲያውም በዛ። ስለዚ አሁን ሰው የሚያስበው ትሮምቢንን ሳይነኩ ፓር ዋንን ብቻ ማገድ ወይም የሴሉን ውስጥ መንገድ ማገድ ነው። እዛ ላይ ገና ሥራ አለ፣ እኔም ያለሁበት እሱ ውስጥ ነው፣ ተስፋ ሳይኖረኝ ሌሊት ቤተ ሙከራ አላድርም።

አንድ ሌላ ነገር፣ ማሟሟያው ቲፒኤ ራሱ ሁለት ፊት አለው። ብዙ ሰው መድኃኒት ብቻ ይመስለዋል ግን ሰውነታችን የሚሠራው ኢንዛይም ነው፣ የነርቭ ሴሎችና ማይክሮግሊያም ይሠሩታል። ፕላዝሚኖጅንን ቆርጦ ፕላዝሚን ያደርገዋል፣ ፕላዝሚን ፋይብሪኑን ያፈርሰዋል። በ1995 ኒውዮርክ ስቶኒ ብሩክ ያሉ ተመራማሪዎች ቲፒኤ የሌላቸው አይጦች ሂፖካምፐሳቸው ውስጥ ሴልን ከልክ በላይ አነቃቅቶ የሚገድል ኬሚካል ሲገባ የነርቭ ሴላቸው እንደሌሎቹ እንዳልሞተ አሳዩ። ከዛ ቀጥለው ፕላዝሚኑ ሴሎቹ ተጣብቀው የሚኖሩበትን ላሚኒን የሚባል ፕሮቲን እንደሚያፈርስ አገኙ፣ ሴሉ መያዣውን ሲያጣ ይሞታል። ማለት የደም ሥር ውስጥ ሲሆን መንገድ ይከፍታል፣ ከደም ሥር ወጥቶ አንጎሉ ውስጥ ሲገባ ግን ይጎዳል።

ይሄን ሰምታችሁ መርፌውን እንዳትፈሩ። በ1995 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ላይ በ3 ሰዓት ውስጥ የወሰዱት ከ3 ወር በኋላ ጉዳታቸው ትንሽ ብቻ የሆነ ወይም ምንም የሌለባቸው የመሆን ዕድላቸው ካልወሰዱት ቢያንስ በ30 ፐርሰንት ይበልጥ ነበር። አንጎል ውስጥ አደገኛ መድማት የገጠማቸው ደሞ ከወሰዱት 6.4 ፐርሰንት ካልወሰዱት 0.6 ፐርሰንት። ሁለቱንም ቁጥር አንድ ላይ ካልያዝከው ውሸት ይሆናል። ጥቅሙ ይበልጣል፣ ግን በሰዓቱ ሲሰጥ። ሰዓቱ ባለፈ ቁጥር የደም ሥሩ ግድግዳ ይዳከምና መድኃኒቱ ወደ አንጎል ይዘልቃል። በ2008 ነው እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ እንደሚጠቅም የታየው፣ ከዛ ወዲህ ያው ገደብ ነው ለአብዛኛው በሽተኛ የሚሠራው።

ሲስተር_ድንገተኛ፦

የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ፣ የት እንደምሠራ ይቅር። ኒውሮ ጣና ሰዓት ስላነሳ እኔም የማየውን ልናገር ምክንያቱም ልቤን ያቆሰለው እሱ ነው። ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ሕክምና ካላገኘ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴል ይሞታል ተብሎ በ2006 ተሰልቷል። እኛ ጋ ሰው የሚመጣው በደቂቃ አይደለም በቀን ነው። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ሲታሽ ያደረ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ታሞ ይነጋል ተብሎ የተጠበቀ፣ ከአንድ ጤና ተቋም ወደ ሌላው ወረቀት ይዞ ሲዞር የዋለ። አንድ ጊዜ አባታቸውን ይዘው የመጡ ልጆች ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምረው ሪፈር እየተባሉ እኛ ጋ የደረሱት ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ነበር፣ ልጁ እጄን ይዞ «ሲስተር አሁን ምን ይሰጡታል» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። ጸበሉን ማንም አይከለክልም፣ እኔም አማኝ ነኝ፣ ጸበሉ ከሲቲው በኋላም አለ። ሲቲው ግን ቆይቶ ሲመጣ ያመለጠውን አይመልስም።

የዘጌ ልጅ አጎትሽን እንዳያችሁ ወዲያው በጀልባ ማምጣታችሁ ትልቅ ነገር ነው፣ እናትሽ ይሄን ይስሙ። ለሌላው ግን፣ ፊት ሲጣመም እጅ ሲዝል ምላስ ሲተሳሰር ሰዓቱን አይታችሁ ያዙ፣ መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየው ስንት ሰዓት ነው የሚለውን ነው ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ። ምግብም ውሃም ክኒንም በአፍ አትስጡ፣ መዋጥ አቅቷቸው ወደ ሳንባ ይገባል። ብዙ ሰው ቤት ያለውን አስፕሪን ይሰጣል፣ ሲቲ ሳይነሳ የፈነዳ ይሁን የተዘጋ በዓይን አይለይም፣ ከፈነዳ አስፕሪኑ መድማቱን ሊያባብስ ይችላል።

እብጠቱን በተመለከተ አሁን ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራው ትሮምቢኑን ማጥፋት ሳይሆን አንጎሉን እስኪያልፍ ማሻገር ነው። ጭንቅላታቸው ያለበት የአልጋው ክፍል ወደ 30 ዲግሪ ከፍ ይላል፣ ግፊቱ የላይኛው ቁጥር ወደ 140 ገደማ እንዲወርድ ይደረጋል፣ እብጠቱ ካየለ ማኒቶል የሚባል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ይሰጣል፣ ትኩሳትና ስኳር ይጠበቃል። እብጠቱ እስከ ሁለተኛው ሳምንት ሊቀጥል ስለሚችል በ4ኛው ቀን ካልነቁ ተስፋ አትቁረጡ። ትራስ ስትደራርቡ አንገታቸው እንዳይታጠፍ ተጠንቀቁ፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ከወደቀ ከጭንቅላት የሚመለሰው ደም ይታገዳል። በየ2 ሰዓቱ ጎናቸውን አዙሯቸው፣ ነርስ እስክትመጣ አትጠብቁ፣ እኛ ብዙ በሽተኛ ነው ያለን።

የዘጌ_ልጅ፦

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። የመርፌውን ነገር ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ጎረቤታችንም ቁጭ ብለው ሰምተው «እንግዲህ እኔ በጎ አስቤ ነው» አሉ፣ ከሳቸው ጋርም ሰላም ነን። አጎቴ ዛሬ ጠዋት የግራ እጄን ጨብጡ ሲባሉ ጨብጠዋል፣ ሐኪሙ እብጠቱ መቀነስ ጀምሯል ብሏል። ትራሱን አስተካክለናል ሲስተር፣ በትክክል እንዳልሽው አገጫቸው ደረታቸው ላይ ነበር።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ይሄን ሁሉ ስሰማ ስለ እናቴ ማሰብ ጀመርኩ። እሷ ከልጅነቷ የልብ በሽታ አለባት፣ የልቧ በር ጠቧል፣ የልብ ምቷም የተዛባ ነው ተብላ ዋርፋሪን ትወስዳለች። ዋርፋሪን ትሮምቢንን የሚቀንስ ከሆነ አንጎሏን ይጠብቃል ማለት ነው ወይስ እንደ ወንድሟ ደም እንዲፈሳት ያደርጋል? አጎቴን ካየች ወዲህ ፈርታ ልተወው እያለች ነው።

ፋርማሲ_አባይማዶ፦

በምንም ተአምር እንዳይተዉት። የሳቸው ጉዳይ ከወንድማቸው የተለየ ነው። የልብ በር ሲጠብና ምቱ ሲዛባ ደሙ የላይኛው የልብ ክፍል ውስጥ ቆሞ ይረጋል፣ ያ የረጋ ደም ተነስቶ ወደ አንጎል ከሄደ የተዘጋው ዓይነት ስትሮክ ይመጣል። ዋርፋሪን ጉበት ቫይታሚን ኬን እንዳይጠቀም ስለሚከለክል ደህና ፕሮትሮምቢን አይሠራም፣ ስለዚ ትሮምቢኑ ይቀንሳል፣ ልብ ውስጥ አይረጋም። የአንጎል ሴልን ከትሮምቢን ለመጠበቅ ተብሎ የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም፣ የረጋው ደም ከመጀመሪያውም እንዳይፈጠር ነው። አሁን አሁን አዳዲስ ክኒኖች አሉ፣ ሰዉ ይቀይሩልኝ ይላል፣ ግን እንደናትሽ ከሩማቲክ የልብ በሽታ ለመጣ መጥበብ በ2022 የወጣ አፍሪካ ውስጥም የተሠራ ጥናት ላይ እንደ ዋርፋሪን ያለው ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን በልጧል፣ ሞትም ቀንሷል። ስለዚ ያላቸው መድኃኒት ጥሩ መድኃኒት ነው።

መድማት የሚያመጣው ልኩ ሲያልፍ ነው። ልኩ የሚታወቀው ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚቆይ በሚለካው በአይኤንአር የደም ምርመራ ነው፣ ለሳቸው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 መሀል እንዲሆን ይፈለጋል፣ ከ2 በታች ሲሆን ይረጋል ከ3 እየራቀ ሲሄድ ይደማል። እኛ አገር ደሞ መጽሐፍ ላይ የማይገኝ ነገር አለ፣ እኔ ቆሜ የማየው፣ ጾም ሲገባ ሥጋው ወተቱ ይቀርና በየማዕዱ ጎመን ይሆናል፣ ጎመን ደሞ ቫይታሚን ኬ የሞላበት ነው፣ ዋርፋሪኑን ይሽርና ቁጥሩ ይወርዳል። ሐኪሙ ቁጥሩ ወረደ ብሎ መጠኑን ይጨምራል፣ ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑ ይቀራል፣ የተጨመረው መድኃኒት ግን ይቀጥላል፣ ያኔ ነው ድዳቸው እየደማ የሚመጡት። ስለዚ ጎመን ይተዉ አልልም፣ በሳምንት የሚበሉት መጠን ጾምም ይሁን ፍስክ ተቀራራቢ ይሁን፣ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንትና ከተፈታ በኋላ ደሞ አይኤንአር ይሠሩ። ሽንታቸው ከቀላ፣ ሰገራቸው ከጠቆረ፣ ወይ ያለ ምክንያት ሰውነታቸው ላይ ሰማያዊ ከወጣ ያን ቀን ይምጡ። ለጉልበታቸውም ሆነ ለራስ ምታት ዲክሎፌናክ ከሱቅ አይግዙ፣ ፓራሲታሞል ይበቃቸዋል። ደብተራቸውን ይዘሽ ነይ፣ የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች አብረን እናያለን።